ጠጥቶ በማሽከርከር ቀድሞ የተላለፈ ቅጣት በአዲስ ክስ ላይ ያለው ሕጋዊ ውጤት

ጠጥቶ ሲያሽከረክር ተይዞ ከዚህ ቀደም የተቀጣ ሰው በተመሳሳይ ጉዳይ ዳግም ሲከሰስ፣ እርሱም ሆነ ቤተሰቡ አስቀድመው የሚጠይቁት የድሮው ቅጣት በአዲሱ ክስ ላይ ምን ውጤት እንደሚኖረው ነው። በዚህ ረገድ ሁለት የተሳሳቱ አስተሳሰቦች ይስተዋላሉ። አንደኛው፣ አንድ ጊዜ የተቀጣ ሰው ሁለተኛ ከተከሰሰ ጥፋተኛ መባሉ አይቀርም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መቀጮው ከተከፈለ ወይም እስራቱ ካለቀ በኋላ የቀድሞው ጉዳይ ጨርሶ አይነሳም የሚል ነው። ሁለቱም ከሕጉ ጋር አይጣጣሙም። የቀድሞ ቅጣት ተከሳሹ በአዲሱ ክስ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ለመወሰን አያገለግልም፤ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ግን የቅጣቱን መጠን፣ ቅጣቱ በገደብ የመታለፍ ዕድሉንና የመንጃ ፈቃዱን ይዞታ ሊነካ ይችላል። ስለዚህ የቀድሞው ውሳኔ ምን ዓይነት እንደነበረና በክርክሩ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚነሳ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የትራፊክ ቅጣትና የፍርድ ቤት ፍርድ

ብዙ ተገልጋዮች «ሪከርድ አለብኝ» ሲሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ያደርጋሉ። በሚኒስትሮች ምክር ቤት የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ መሠረት፣ ጠጥቶ ማሽከርከር የትራፊክ ደንብ መተላለፍ ነው። አሽከርካሪው በማንም ላይ ጉዳት ሳያደርስ በትራፊክ ፖሊስ ቁጥጥር ከተያዘ ጉዳዩ በአብዛኛው በዚሁ ደንብ ይታያል፤ የገንዘብ ቅጣት ይጣልበታል፣ በመንጃ ፈቃዱ ላይም የጥፋት ነጥብ ይመዘገባል። ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ እስከ መታገድና እስከ መሰረዝ ያደርሳል። ይህ መዝገብ የሚገኘው በትራንስፖርት ተቋሙ ዘንድ ሲሆን፣ ፍርድ ቤት የሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድ አይደለም።

ጠጥቶ ማሽከርከሩ የአካል ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ግን ጉዳዩ ወደ ወንጀል ሕግ ይሻገራል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ በቸልተኝነት ሰው መግደልን በአንቀጽ 543፣ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን በአንቀጽ 559 ይደነግጋል። በእነዚህ አንቀጾች የሚሰጠው ውሳኔ በወንጀል መዝገብ የሚገባ የጥፋተኝነት ፍርድ ነው። የቀድሞ ቅጣት ስለሚያስከትለው ውጤት ሲነገር በዋነኛነት የሚመለከተው ይህንኑ ነው። የትራፊክ ቅጣት ብቻ ያለበት ሰው በወንጀል ሕጉ አነጋገር «ቀድሞ የተፈረደበት» አይባልም። ይህ ማለት ግን የትራፊክ ቅጣቱ ምንም ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ዐቃቤ ሕግ ስለ አሽከርካሪው ጠባይ በሚያቀርበው አስተያየት ውስጥ ሊያነሳው ይችላል፤ ተከሳሹም መቃወም ይችላል።

በሞት ጉዳይ የመጠጥ መኖር ራሱ የሚያመጣውን ልዩነት መገንዘብ ያሻል። ሙያው ወይም ኃላፊነቱ የሰውን ሕይወት እንዲጠብቅ የሚያስገድደው ሰው፣ አሽከርካሪን ጨምሮ፣ በቸልተኝነት ሰው ከገደለ በአንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። የሞቱት ሰዎች ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ጥፋተኛው ግልጽ የሆነ ደንብን ሆነ ብሎ ከጣሰ፣ ወይም አልኮል ወይም አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ ራሱን ኃላፊነት ከማይሰማው ሁኔታ ውስጥ ካስገባ ግን ንዑስ አንቀጽ 3 ተፈጻሚ ይሆናል። ቅጣቱም ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ነው። በቀላል እስራትና በጽኑ እስራት መካከል ያለውን ርቀት የሚያስከትለው እንግዲህ የድሮው ቅጣት ሳይሆን በአደጋው ዕለት የነበረው ሁኔታ ነው። «ሰክሬ ስለነበር ያደረግሁትን አላውቅም» የሚለው መከላከያም አያዋጣም፤ ሊደርስ የሚችለውን አደጋ እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው በገዛ ቸልተኝነቱ የሰከረ ሰው በቸልተኝነት ድንጋጌዎች እንደሚጠየቅ አንቀጽ 50 ይገልጻል። በድሬዳዋና በአካባቢዋ ከጫት በኋላ ምርቃናን ለመስበር በሚል «ጨብሲ» እየተባለ የሚጠጣው መጠጥም ከሌላው አይለይም፤ ሕጉ የሚመለከተው አሽከርካሪው የነበረበትን ሁኔታ እንጂ የጠጣበትን ምክንያት አይደለም።

ጥፋተኝነት ከመረጋገጡ በፊት የድሮው ፍርድ አይነሳም

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 138 እንደሚደነግገው፣ በሌላ ሕግ በግልጽ ካልተፈቀደ በስተቀር የተከሳሹ የቀድሞ ጥፋተኝነት ጥፋተኛ ነው ከመባሉ በፊት ለፍርድ ቤቱ አይገለጽም። መሠረቱ ማንም የተከሰሰ ሰው እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው የሚያረጋግጠው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 ነው። ዳኛው የሚመዝኑት በዚያ ዕለት፣ በዚያ ቦታ የሆነውን ነገር ነው፤ የምስክሮችን ቃል፣ የአደጋውን ፕላን፣ የሕክምና ማስረጃን፣ የአልኮል ምርመራ ከተደረገም ውጤቱን ይመረምራሉ። ባለፈው ጠጥቶ ስለነበር ዛሬም ጠጥቶ ይሆናል የሚለው ግምት በዚህ ደረጃ ቦታ የለውም።

በተግባር ይህን ድንጋጌ የሚያውቁ ተከሳሾች ጥቂቶች ናቸው። ጠበቃ የሌለው ተከሳሽ በምስክርነት ወይም በክርክር መሐል ስለ ድሮው ጉዳይ ቢነሳበት ዝም ይላል፤ አንዳንዱም ራሱ ያነሳዋል። ተከሳሹ ዳኛውን ፈቅዶ ተቃውሞውን ማሰማትና ነገሩ በመዝገብ እንዲሰፍርለት መጠየቅ ይችላል። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው ያለ ጠበቃ በመቅረቱ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ በመንግሥት ወጪ ተከላካይ ጠበቃ ይመደብለታል። ክርክሩ የሚካሄድበትን ቋንቋ የማይረዳም፣ ለምሳሌ ሶማሊኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገር ተከሳሽ፣ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። እነዚህ መብቶች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተረጋገጡ ስለሆነ ጥያቄው በመጀመሪያው ቀጠሮ ቢቀርብ ይመረጣል።

የድሮው ፍርድ የሚነሳበት ጊዜ

ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን ጥፋተኛ ካለ በኋላ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 149 መሠረት ዐቃቤ ሕግን ስለ ቅጣቱ አስተያየት ይጠይቃል። የቀድሞ ፍርዶች በሕጋዊ መንገድ የሚቀርቡት እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ተከሳሹ መልስ ይሰጣል፤ ስለ መልካም ጠባዩም ምስክር ማሰማት ይችላል። የቀረበበትን የቀድሞ ጥፋት ካላመነ የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው።

የስም መመሳሰል ጉዳይ እዚህ ላይ ሊተኮርበት ይገባል። በአገራችን ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም በመሆኑ ሦስቱም ስም የተመሳሰለባቸው ሰዎች ሊገኙ ይችላሉ። የሌላ ሰው ፍርድ በስም መመሳሰል የቀረበበት ተከሳሽ «የኔ አይደለም» ብሎ በግልጽ መናገር አለበት፤ ያን ጊዜ ዐቃቤ ሕግ የፍርዱን ግልባጭ ወይም የጣት አሻራ መዝገብን አቅርቦ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ዝምታ እንደ ማመን ሊቆጠር ይችላል።

የቀድሞ ፍርድ ከቀረበ በኋላ በሁለት የተለያዩ መንገዶች ቅጣትን ሊያከብድ ይችላል፤ ሁለቱ መደባለቅ የለባቸውም። የመጀመሪያው ደጋጋሚነት ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 67 መሠረት ደጋጋሚ የሚባለው፣ የተፈረደበትን ቅጣት በሙሉ ወይም በከፊል ከፈጸመ፣ ወይም በይቅርታ ወይም በምሕረት ከቀረለት በኋላ ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ፣ ቢያንስ የ6 ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ሌላ ወንጀል አስቦ የፈጸመ ሰው ነው። ደጋጋሚ ከተባለ ቅጣቱ በአንቀጽ 188 መሠረት ይከብዳል። ነገር ግን አዲሱ ወንጀል ታስቦ የተፈጸመ መሆን አለበት። ጠጥቶ በማሽከርከር የሚደርስ ሞትና የአካል ጉዳት በአብዛኛው የሚከሰሰው በቸልተኝነት ስለሆነ፣ አሽከርካሪው ሁለተኛ ጊዜው በመሆኑ ብቻ በሕጉ ቋንቋ «ደጋጋሚ» አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ ጠቅላላ የቅጣት ማክበጃ ምክንያት ነው። አንቀጽ 84 ንዑስ አንቀጽ 1 ጥፋተኛው በቀድሞ ሕይወቱ፣ በወንጀሉ ልማዳዊነት፣ እንዲሁም ወንጀሉን በፈጸመበት ዘዴ፣ ጊዜ፣ ቦታና ሁኔታ የተነሳ በተለይ አደገኛ ሲሆን ቅጣቱ እንዲከብድ ይደነግጋል። በቸልተኝነት ክስ ጊዜ የድሮው ፍርድ የሚገባው በአብዛኛው በዚህ በር ነው። ማክበጃው ቅጣቱን የሚጨምረው ለተከሰሰበት አንቀጽ በተወሰነው መነሻና ጣሪያ መካከል ነው፤ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 አሠራርም እርከኑን ከፍ የሚያደርግ ምክንያት ሆኖ ይታያል። አንድ ጥበቃ ግን አለ። ሕጉ በልዩ ክፍሉ አስቀድሞ ቅጣቱን ያከበደበት ምክንያት በጠቅላላ ማክበጃነት ዳግም አይቆጠርም። በአንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3 ስካሩ ተቆጥሮ ጽኑ እስራት የሚጠብቀው ሰው፣ በዚያው ዕለት ሰክሮ ነበር በሚል ብቻ ተጨማሪ ማክበጃ ሊታሰብበት አይገባም። የቀድሞው ፍርድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። አንድ የሚኒባስ አሽከርካሪ በ2010 ዓ.ም. ጠጥቶ በማሽከርከር በትራፊክ ፖሊስ ተቀጥቶ ነጥብ ተመዘገበበት እንበል። በ2012 ዓ.ም. ጠጥቶ እያሽከረከረ አንድ እግረኛን በከባድ ሁኔታ በመጉዳቱ 8 ወር ቀላል እስራት ተፈረደበትና ጨርሶ ወጣ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከሳቢያን ወደ ከዚራ ሲመጣ ሌላ እግረኛ ገጭቶ ገደለ፤ መጠጣቱም በማስረጃ ተረጋገጠ። የ2010ሩ ቅጣት የጥፋተኝነት ፍርድ ስላልሆነ ቦታው የመንጃ ፈቃድ መዝገቡ ነው። የ2012ቱ ፍርድ ምስክር ሲሰማ አይነሳም፤ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ግን ዐቃቤ ሕግ ግልባጩን ያቀርባል። አምስት ዓመት ያልሞላው ቢሆንም አዲሱ ወንጀል በቸልተኝነት የተፈጸመ ስለሆነ በደጋጋሚነት አያስቀጣም። ፍርድ ቤቱ ግን ሰውየው ከቀድሞው አደጋ አለመማሩን አይቶ በአንቀጽ 84 በ5 እና በ10 ዓመት መካከል ያለውን ቅጣት ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ከሁሉም በላይ «ከዚህ ቀደም ጥፋት የለብኝም» ብሎ ማቅለያ የመጠየቅ ዕድሉን አጥቷል። ልዩነቱ በብዙ መዝገቦች ላይ በጉልህ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው፤ የቀድሞ መልካም ጠባይ በአንቀጽ 82 ከተዘረዘሩት የቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች ጋር ተያይዞ የሚታይ ነውና።

ዋስትና፣ ገደብና ዕርቅ

በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 መሠረት ዋስትና የሚፈቀደው ክሱ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ሲሆንና ተጎጂው የማይሞት ሲሆን ነው። ተጎጂው በሕክምና ላይ ሆኖ ሕይወቱ አስጊ ከሆነ ዋስትናው የሚዘገየው በዚህ ምክንያት እንጂ በድሮው ቅጣት አይደለም። ሆኖም በአንቀጽ 67 ሌላ ወንጀል ሊፈጽም ይችላል ተብሎ የሚገመት ሰው ዋስትና ሊከለከል ስለሚችል፣ በዚህ ደረጃ የቀድሞው ታሪክ ሊነሳ ይችላል።

የቅጣት ገደብን በተመለከተ የድሮው ፍርድ ክብደት ይወስናል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 191 ቅጣት ሳይወሰን የሚታገድበትን ሁኔታ የሚፈቅደው ቀድሞ ላልተፈረደበት ሰው ነው። አንቀጽ 192 ደግሞ ከተወሰነ በኋላ አፈጻጸሙ በገደብ እንዲቆይ ያስችላል። በአንቀጽ 194 እንደተመለከተው ቀድሞ ጽኑ እስራት ወይም ከ3 ዓመት የበለጠ ቀላል እስራት የፈጸመ ሰው ዳግም እንዲህ ያለ ቅጣት ሲወሰንበት ገደብ አይሰጠውም። ከላይ በምሳሌው 8 ወር የታሰረው አሽከርካሪ በዚህ ክልከላ አይነካም፤ ጥያቄውን ማቅረብ ይችላል፤ ዳኛው ግን የቀድሞው ተግሣጽ አለመሥራቱን ከግምት ያስገባሉ። የቀድሞ ቅጣቱ በገደብ ላይ ሳለ አዲስ ወንጀል የፈጸመ ሰው ገደቡ ተነሥቶ የድሮውን ቅጣት ጭምር እንዲፈጽም ሊታዘዝ እንደሚችል ማወቅ አለበት።

በድሬዳዋ በትራፊክ አደጋ ሰው ሲሞት ሽማግሌዎች መካከል መግባታቸው፣ በኦሮሞ የጉማ፣ በሶማሌ የዲያ ሥርዓት ካሳ መከፈሉ የተለመደ ነው። ዕርቁ ለቤተሰቦች ሰላም ትልቅ ዋጋ አለው። ነገር ግን ሰው የሞተበት ጉዳይ የመንግሥት ክስ ስለሆነ በዕርቅ አይዘጋም። ተጎጂውን መርዳት፣ ጥፋትን ማመን፣ ለፖሊስ እጅ መስጠትና ጉዳቱን መካስ በአንቀጽ 82 ቅጣትን የሚያቀሉ ምክንያቶች ናቸው፤ የድሮ ፍርድ ላለበት ሰው ደግሞ ከቀሩት ጥቂት ማቅለያዎች ውስጥ ይቆጠራሉ። የዕርቁ ሰነድ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ከቅጣት ውሳኔው በፊት መቅረብ አለበት። በተቃራኒው ተጎጂውን ጥሎ ማምለጥ ራሱን የቻለ ወንጀል ይጨምራል።

የቀድሞ ፍርድ ከመዝገብ የሚሰረዝበት መንገድ

ጊዜ በማለፉ ብቻ ፍርድ ከመዝገብ አይጠፋም፤ ባለጉዳዩ ማመልከት ይኖርበታል። በወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ የተደነገገው «መሰየም» የተፈረደበት ሰው ወደ ቀድሞ መብቱና ስሙ የሚመለስበት ሥርዓት ነው። ቅጣቱ ጽኑ እስራት ከነበረ ከተፈጸመ ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌሎች ቅጣቶች ጊዜ ቢያንስ 2 ዓመት ማለፍ አለበት። አመልካቹ በዚህ ጊዜ በመልካም ጠባይ የኖረ፣ የተፈረደበትንም የጉዳት ካሳ በአቅሙ የከፈለ መሆን ይጠበቅበታል። ጥያቄው ከተፈቀደ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። በምሳሌው የተጠቀሰው አሽከርካሪ ከእስር በወጣ በሁለት ዓመቱ አመልክቶ ቢፈቀድለት ኖሮ የ2012ቱ ፍርድ በአዲሱ ጉዳይ አይቀርብበትም ነበር። ይህን መብት ብዙዎች የሚያስታውሱት ለሥራ ወይም ለውጭ ጉዞ ከወንጀል ነጻ የምስክር ወረቀት ሲጠየቁ ነው። በመዝገቡ ላይ ምን እንዳለ አስቀድሞ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የፌዴራል ፖሊስ በሚሰጠው የአሻራ ምርመራ አገልግሎት ማረጋገጥ ይችላል።

ከሌላ ክልል ወይም ከውጭ አገር የመጣ ፍርድ

የወንጀል ሕጉ በመላ አገሪቱ አንድ ስለሆነ በሐረር፣ በጅጅጋ ወይም በአዲስ አበባ የተሰጠ ፍርድ በድሬዳዋ በሚታይ ክስም ሊቀርብ ይችላል። በድሬዳዋ የደረሰ አደጋ በከተማዋ በሚያስችሉት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ይታያል፤ ደንገጎን አልፎ ወደ ሐረማያ በሚወስደው መንገድ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ የደረሰ ከሆነ ግን ምርመራውም ክርክሩም በዚያው ይሆናል።

ከውጭ አገር የተመለሱ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚያነሱት ጥያቄም አለ። በአንዳንድ አገሮች የቀድሞ ፍርድ አዲሱን ክስ ራሱን ያከብደዋል፤ ለምሳሌ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት በ10 ዓመት ውስጥ የተሰጠ ተመሳሳይ ፍርድ ሁለተኛውን ጥፋት ከመጀመሪያው በበለጠ ያስቀጣል። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ «ሁለተኛ ጊዜ ጠጥቶ ማሽከርከር» የሚባል ራሱን የቻለ ወንጀል የለም። ሆኖም በውጭ አገር ፍርድ ቤት በአግባቡ የተሰጠና ድርጊቱ በኢትዮጵያም የሚያስቀጣ የሆነ ፍርድ፣ በአንቀጽ 22 መሠረት የጥፋተኛውን የቀድሞ ታሪክ ለመመዘን ዕውቅና ሊያገኝ ይችላል።

ይግባኝ

የቀድሞ ፍርዱ ያለ አግባብ የተቆጠረበት፣ የሌላ ሰው መዝገብ የቀረበበት ወይም ጥፋተኛ ከመባሉ በፊት የድሮው ጉዳይ በመነሳቱ መብቱ የተነካበት ተከሳሽ ይግባኝ ማለት ይችላል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 187 መሠረት የይግባኝ ማስታወቂያው ፍርዱ ከተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ የይግባኝ ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በእጅ ከገባ በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። በማረሚያ ቤት የሚገኝ ሰው ማመልከቻውን በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር በኩል ማቅረብ ይችላል።